ለቤቱ አሠራር የሚስማማ የእንጨት ሸተር፦ ከምርጫ እስከ ተከላ

ሸተር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሱቅ ላይ የሚጠቀለለውን ቆርቆሮ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላው ሸተር ነው፤ ከመስኮት ውጭ ግራና ቀኝ በማጠፊያ ተሰቅሎ ግድግዳው ላይ ስለሚዘረጋው፣ ፀሐይ ሲበረታ ወይም ዝናብ ሲገርፍ ስለሚዘጋው ባለ ሁለት ተካፋች የእንጨት መዝጊያ። በልክ የሚሠራ ዕቃ ስለሆነ አናጺው የታዘዘውን ይሠራል። ስህተቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከትእዛዙ ነው።

ከምርጫው በፊት አንድ ጥያቄ ይያዙ፦ ይህ ሸተር ቢዘጋ መስኮቱን ልክ ይገጥማል ወይ? ዕድሜ ልኩን ተከፍቶ የሚኖር ቢሆን እንኳ ጥያቄው አይቀርም። 1.20 ሜትር ስፋት ባለው መስኮት ግራና ቀኝ ሠላሳ አምስት ሠላሳ አምስት ሳንቲሜትር ጣውላ ሲለጠፍ፣ አላፊ አግዳሚው ምክንያቱን መናገር ባይችልም አንድ ነገር እንዳላማረ ይታወቀዋል። ስፋቱም፣ ዓይነቱም፣ ማጠፊያውም የሚወሰነው በዚሁ ጥያቄ ነው።

1. የትኛው መስኮት ሸተር እንደሚቀበል መለየት

ከቤቱ ፊት ለፊት ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቀው ይቁሙና እያንዳንዱን መስኮት ለብቻው ይመልከቱ። በግራና በቀኙ የመስኮቱን ስፋት ግማሽ የሚያህል፣ በተጨማሪም 5 ሳንቲሜትር የሚሆን ባዶ ግድግዳ ያስፈልጋል። ለ1.20 ሜትር መስኮት በየጎኑ 65 ሳንቲሜትር ማለት ነው። የዝናብ ውኃ መውረጃ ቱቦ፣ የውጭ መብራት፣ የቆጣሪ ሳጥን፣ የቤቱ ጥግ፣ የሚከፈት በር፤ እነዚህን ሁሉ በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ተካፋቹ ሲዞር የሚጠርገውን ግማሽ ክብም አይርሱ።

ቀጥሎ መስኮቱ ወዴት እንደሚከፈት ይመልከቱ። ይህን ነጥብ ብዙዎች የሚያስታውሱት ሸተሩ ተሠርቶ ከመጣ በኋላ ነው። መስኮቱ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ሸተሩን ከውስጥ ሆኖ እጅ ዘርግቶ መሳብ አይቻልም፤ መስኮቱ ክፍት ሳለም ሸተሩ አይዘጋም። የሚሠራ ሸተር የሚስማማው ወደ ውስጥ ለሚከፈት፣ ወደ ጎን ለሚንሸራተት ወይም ወደ ላይ ለሚነሳ መስኮት ነው። ከውጭ የተበየደ የመስኮት ብረት ወይም የትንኝ ወንፊት ካለም ያው ነው፤ እጅ አያሳልፍም። እንዲህ ባለው ቤት ሸተሩ ለመልክ ብቻ እንደሚሆን አስቀድመው ይወስኑ፤ ልኩ ግን እንደሚዘጋ ሆኖ ይሠራል።

ከ1.40 ሜትር በላይ ለሆነ መስኮት ሁለት ተካፋች አይበቃም። ከ70 ሳንቲሜትር የሰፋ ተካፋች ማጠፊያውን ይጎትታል፣ ነፋስም እንደ ሸራ ይይዘዋል። መፍትሔው በየጎኑ ሁለት ሁለት ሆነው የሚታጠፉ አራት ተካፋቾች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የመስኮቱን ሩብ ይይዛሉ። የሳሎን ሰፊ መስታወት፣ ከግድግዳው ወጥቶ የተሠራ ባለ ሦስት ፊት መስኮት፣ ወይም በመካከላቸው ግድግዳ የሌላቸው የተደረደሩ መስኮቶች ካሉ ግን መተው ይሻላል። ሸተር የሌለው መስኮት ቤትን አያበላሽም፤ ጆሮ የመሰለ ሸተር ግን ያበላሻል።

2. የቤቱን አሠራር ማንበብ

ሁለት ነገር ይበቃል፦ የመስኮቱ ቅርጽና የግድግዳው ክብደት። መስኮቱ ረጅምና ቀጭን ነው ወይስ አጭርና ሰፊ? ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፣ ልስን ነው ወይስ ጣውላ?

ፊቱ ከመካከል ለሁለት ቢከፈል ግራው ለቀኙ የሚመሳሰል፣ መስኮቶቹ በትናንሽ መስታወት የተከፋፈሉ፣ በሩ መሐል ላይ የሆነ ቤት የጆርጂያን ሥርዓት ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከ1714 እስከ 1830 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ተከታትለው ከነገሡት ጆርጆች ነው። ለዚህ ዓይነቱ የሚሄደው መሐሉ ከፍ ብሎ የተላገ ገበታ (በፍሬሙ መካከል የሚገባ ድፍን ጣውላ) ያለው ሸተር ነው። የዚያ ዘመን ቤቶች ምድር ቤት ላይ ድፍን ገበታ፣ ፎቅ ላይ ደግሞ ሎቨር (አየር እንዲያሳልፉ ዘንበል ተደርገው የተደረደሩ ስስ ጣውላዎች) ይደረግላቸው ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ታች የሚፈለገው ደኅንነት፣ ላይ የሚፈለገው አየር ነው። ዛሬም ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ላይ ይህን ቅይጥ ማድረግ ያምራል፤ አንድ ፎቅ ላይ ሁለቱን መቀላቀል ግን አይቻልም።

የቪክቶሪያ ዘመን (1837–1901 እ.ኤ.አ.) ቤት ረጃጅምና ጠባብ መስኮት፣ አንዳንዴም ከላይ ቅስት አለው። ሎቨር ይስማማዋል። መስኮቱ ቅስት ከሆነ እያንዳንዱ ተካፋች የቅስቱን ግማሽ ይይዛል፤ ሲዘጉ ቅስቱ ይሞላል። አራት ማዕዘን ሸተር ቅስት መስኮት አጠገብ መስቀል ከመጀመሪያው ጥያቄ ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

ወፍራም ግድግዳ፣ ልስን ወይም ድንጋይ፣ የሸክላ ጣራ ያለው የሜዲትራንያን መልክ ቤት ቀጭን ሎቨር ብዙም አይመቸውም። ጣውላዎቹ ተደርድረው ከጀርባ በአግዳሚ የተያዙ፣ ጥቁር ብረት ማጠፊያ ያላቸው ሸተሮች ከግድግዳው ክብደት ጋር ይመጣጠናሉ። በደቡብ ፈረንሳይ ገጠር ይኸው ዓይነት ሰያፍ ድጋፍ ተጨምሮበት ይሠራል፤ በከተሞቹ ደግሞ ረጅምና ጠባብ ሎቨር ይበዛል። በጣሊያን የጄኖቫ ሸተር ታችኛው ክፍል ለብቻው ወደ ውጭ ተገፍቶ ይቆማል፤ ሸተሩ ተዘግቶም ወደ ታች መንገዱን ማየት ያስችላል። ብልህ አሠራር ነው፤ ለሞቃት አገር ፎቅ ቤት ቢታዘዝ አያስቆጭም።

አነስተኛ የገጠር ጎጆ መሰል ቤት የተደረደረ ጣውላ ይበቃዋል። በአልፕስ ተራሮች ቤቶች እንደሚደረገው በላይኛው ክፍል ላይ የልብ ወይም የቅጠል ቅርጽ ቢቀደድለትም ያምርበታል፤ የቅርጹ ውስጥ ጠርዝ ግን በደንብ ቀለም መጠጣት አለበት። በጣም ፀሐይና ዶፍ ዝናብ ላለበት ቦታ ደግሞ ከላይ ብቻ የሚንጠለጠልና በዱላ ተደግፎ የሚቆም አንድ ወጥ ሎቨር አለ፤ እንደ ጥላ ያገለግላል፣ የጎን ግድግዳም አይፈልግም። ዘመናዊ፣ ሰፊ መስታወትና ቀጥ ያለ መስመር ያለው ቤት ላይ ማጠፊያ ያለው ሸተር ባዕድ ይሆናል። አግድም ቀጫጭን ጣውላ ያለው፣ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት ፓነል ይሻለዋል።

ከመወሰንዎ በፊት ካርቶን በልኩ ቆርጠው፣ የሚፈልጉትን ቀለም ቀብተው በተለጣፊ ፕላስተር አንድ መስኮት ላይ ይለጥፉ። ጧትም ከሰዓትም ከመንገድ ማዶ ሆነው ይዩት። የካርቶን ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ከዚህ የሚበልጥ አማካሪ የለም።

3. የሸተሩን አካል መወሰን

አንድ ተካፋች ሁለት ቋሚዎችና ሁለት ወይም ሦስት አግዳሚዎች አሉት። ለተለመደ መስኮት ውፍረቱ ከ28 እስከ 35 ሚሊሜትር፣ ቋሚው ከ50 እስከ 60፣ የላይኛው አግዳሚ 75 ገደማ፣ የታችኛው ከ110 እስከ 130 ሚሊሜትር ቢሆን ይመጣጠናል። የታችኛው ከላይኛው መስፋት አለበት። እኩል ሲሆኑ ሸተሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ ውኃና ክብደት የሚያርፈውም ታች ነው። ቁመቱ ከ1.20 ሜትር ካለፈ መሐል አግዳሚ ይጨመርበታል። የመሐሉን አግዳሚ ከመስኮቱ አግድም መከፋፈያ ጋር በአንድ መስመር ያድርጉት፤ እነዚህ ሁለት መስመሮች በ3 ሳንቲሜትር ሲሳሳቱ ከሩቅ ይታያል።

መጋጠሚያው ወንዴና ሴቴ ይሁን፤ ማለትም የአግዳሚው ጫፍ ቀጥኖ በቋሚው ቀዳዳ ውስጥ ይግባ፤ ወንዴው ቋሚውን ሙሉ በሙሉ ዘልቆ ቢያልፍ የተሻለ ነው። በሚስማርና በኮላ ብቻ ተጋጥሞ የመጣ ፍሬም ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ጥጉ ይከፈታል። ኮላው ውኃ የሚችል፣ ለውጭ ሥራ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

መሐሉ ላይ ያለው ገበታ ኮላ አይነካውም። በጎድጎዱ ውስጥ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል፣ በየጎኑም 3 ሚሊሜትር መንቀሳቀሻ ይተውለታል። እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ገበታ የእርጥበት መጠኑ በ4 በመቶ ሲለወጥ እስከ 3 ሚሊሜትር ድረስ ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። ቦታ ካላገኘ ወይ ራሱ ይሰነጠቃል፣ ወይ ፍሬሙን ገፍቶ ይከፍታል።

ሎቨር ከሆነ ሂሳብ አለው። 45 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስስ ጣውላ በ45 ዲግሪ ሲያዘነብል ቁመቱ 32 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ርቀት ከ28 እስከ 30 ሚሊሜትር ቢሆን ፊት ለፊት ሲታይ ብርሃን አያሳልፍም። በሁለት አግዳሚዎች መካከል 560 ሚሊሜትር ካለ በ28 ሲካፈል 20 ጣውላ ይገባል። ቁጥሩ ሙሉ ካልወጣ አግዳሚውን በጥቂት ሚሊሜትር ያስተካክሉ እንጂ መጨረሻ ላይ ግማሽ ክፍተት አይተዉ። በዘንግ የሚንቀሳቀስ ሎቨር ለውጭ አንመክርም፤ በሁለተኛው ቀለም ጊዜ ተጣብቆ ይቀራል።

የሎቨሩ ዘንበል ወዴት እንደሆነ ለአናጺው በግልጽ ይንገሩ። ሸተሩ ሲዘጋ የዝናብ ጠብታ በጣውላው ላይ ተንሸራትቶ ወደ ውጭ መውደቅ አለበት። ያው ሸተር ተከፍቶ ግድግዳው ላይ ሲዘረጋ ግን የሚታየው የውስጡ ፊት ስለሆነ ዘንበሉ ወደ ግድግዳው ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ተገልብጦ ተሰቀለ» ይላል። አልተገለበጠም፤ ተከፍቶ ሳለ ወደ መንገድ የሚያዘነብለው ነው ቢዘጋ ዝናቡን ወደ ቤት የሚያስገባው።

የተደረደረ ጣውላ ሸተር ላይ የሚሠራው ስህተት ሌላ ነው፤ ሰያፉ። ሰያፍ ድጋፍ የሚነሳው ከታች ከማጠፊያው በኩል ነው፤ የሚያርገው ደግሞ ወደ ላይ፣ ማጠፊያ ወደሌለው ጥግ። እንዲህ ሲሆን የነጻውን ጥግ ክብደት ተሸክሞ ወደ ታችኛው ማጠፊያ ያወርደዋል። በተቃራኒው ከተሠራ ሥራ የለውም፣ ሸተሩም በአፍንጫው ይዘቀዘቃል። ግራና ቀኝ ተካፋቾች ስለዚህ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። በጣውላዎቹ መካከል 2 ሚሊሜትር ክፍተት ይተው።

4. እንጨቱ

ማሆጋኒ፣ ቲክና ሴዳር ለዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ቲክ ከባድ ነው፤ ሴዳር ቀላል ነው፣ ግን በጥፍር ይጫራል። ፓይን ርካሽ አማራጭ ቢሆንም መከላከያ ኬሚካል ካልጠጣ ታችኛው አግዳሚ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ሙጫውም በጥቁር ቀለም ሥር በፀሐይ እየቀለጠ ይወጣል። የትኛውም ዓይነት ቢሆን የግንዱ ልብ ይሁን። ነጩ የዳር እንጨት የማንኛውም ዛፍ ቢሆን ውጭ አይበረክትም። ኤም ዲ ኤፍን (ከተፈጨ እንጨትና ከኮላ የተጨመቀ ሰሌዳ) ለውጭ ሸተር ማሰብ አያስፈልግም፤ ጠርዙ ውኃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል።

እርጥበቱ ከ12 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ከጣውላው ጫፍ ራቅ ብለው 2 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ያስቆርጡ፣ ይመዝኑት፣ በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት፣ እንደገና ይመዝኑት። 112 ግራም የነበረው 100 ግራም ከሆነ 12 በመቶ ነው። 125 ግራም ከነበረ ግን ጣውላው ገና ነው፤ ሸተሩ ተሰቅሎ ሲደርቅ ይጠማዘዛል።

5. መለካት

የሚለካው ሸተሩ ሲዘጋ የሚቀመጥበት ቦታ ነው እንጂ መስታወቱ አይደለም። ስፋቱን ላይ፣ መሐልና ታች፣ ቁመቱን ግራ፣ መሐልና ቀኝ ይለኩና ትንሹን ይውሰዱ። ከጥግ እስከ ጥግ ያሉትን ሁለት ሰያፎችም ይለኩ፤ ልዩነታቸው ከ6 ሚሊሜትር ከበለጠ ክፍተቱ ጎባጣ ስለሆነ በካርቶን ቅርጹን አንስተው ለአናጺው ይስጡ። ሶሊያው (የመስኮቱ የታች ደፍ) ወደ ውጭ ስለሚያዘነብል ቁመቱን ሸተሩ በሚቆምበት መስመር ላይ ይያዙ።

ምሳሌ እንውሰድ። ክፍተቱ 1000 በ1400 ሚሊሜትር ነው። ከግራና ቀኝ 3፣ 3፣ ከመሐል 4 ሚሊሜትር ሲቀነስ 990 ይቀራል፤ ለእያንዳንዱ ተካፋች 495። ከቁመቱ ከላይ 3 ከታች 6 ሲቀነስ 1391። ሁለቱ ተካፋቾች ሲገናኙ ንፋስ እንዳያስገቡ ግማሽ ለግማሽ ተቆርጠው እንዲደራረቡ ከተፈለገ 10 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለው ቁርጥ ይደረግና እያንዳንዳቸው 500 ይሆናሉ፤ ከፊት 4 ሚሊሜትር ክፍተት ይታያል፣ ውስጡ በ6 ሚሊሜትር ይደራረባል። ያን ጊዜ አንዱ ሁልጊዜ ቀድሞ ይዘጋል፤ የትኛው እንደሆነ ይጻፉ።

6. ማጠፊያና መያዣ

የማጠፊያው ፒን (ሸተሩ የሚዞርበት ዘንግ) ከተካፋቹ ፊት ምን ያህል ወደ ውጭ መውጣት እንዳለበት የሚነግር አጭር ሂሳብ አለ። ሸተሩ ሲዘጋ ፊቱ ከግድግዳው ፊት ወደ ውስጥ የገባበትን ጥልቀት ይለኩ፤ ተከፍቶ ሲዘረጋ ከጀርባው የሚፈልጉትን የአየር ክፍተት ይደምሩበት፤ ለሁለት ያካፍሉ። 40 ሚሊሜትር ገብቶ ከሆነና 20 ሚሊሜትር አየር ከፈለጉ 60 ለሁለት፣ 30 ሚሊሜትር። ከዚህ ያነሰ ማጠፊያ ከተገዛ የአየር ክፍተቱ ያንሳል፤ ከ20 ሚሊሜትር ካነሰ ደግሞ ሸተሩ ግድግዳውን ነክቶ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ ይቆማል። በመስኮቱ ዙሪያ ወደ ውጭ የወጣ ጌጥ ካለ የገባበትን ጥልቀት ከጌጡ ፊት ይለኩ። የአየር ክፍተቱ ለይስሙላ አይደለም፤ እርጥብ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ እንጨት የሚበሰብሰው ከማይታየው ጎን ነው።

ከ1.20 ሜትር ለሚረዝም ተካፋች ሦስት ማጠፊያ ያድርጉ። ከላይ ያለው ምሳሌ በ30 ሚሊሜትር ውፍረት ድፍን ሆኖ ከቀላል እንጨት ቢሠራ 10 ኪሎ፣ ከቲክ ቢሠራ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ነፋስ የሚጨምረው ጉልበት ሳይቆጠር። ብረቱ ጋልቫናይዝድ ወይም ስቴንለስ ይሁን፤ ባሕር አጠገብ 316 የተባለው ስቴንለስ ይመረጣል። ተራ ብሎን ሴዳር ላይ ጥቁር እንባ ያወርዳል፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር የሚፈጥረው ቀለም ስለሆነ በላዩ መቀባት አያጠፋውም።

ሸተሩ ሲከፈት የሚይዘው ግድግዳው ላይ የሚተከል መያዣ፣ ሲዘጋ ደግሞ ከውስጥ የሚገፋ መቀርቀሪያ ያስፈልጋል። ለመልክ ብቻ የሚሰቀል ሸተርም ቢሆን ማጠፊያና መያዣ ይኑረው። በቀጥታ ግድግዳው ላይ በብሎን የተሰፋ ሸተር ጥላ የለውም፤ ሥዕል ይመስላል።

7. ለአናጺው የሚሰጠው ወረቀት

እያንዳንዱን መስኮት ቁጥር ይስጡት። በየቁጥሩ ሥር ክፍተቱን፣ የአንድ ተካፋች የተጠናቀቀ ልክ፣ ውፍረቱን፣ የአግዳሚዎቹን ስፋትና የመሐለኛውን ከፍታ ከታች ተለክቶ፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ የሎቨሩን ዘንበል፣ ቀድሞ የሚዘጋውን ተካፋች፣ የማጠፊያውን ቦታ ይጻፉ። «ግራ» እና «ቀኝ» ማለት ከውጭ ሲታይ መሆኑን ከላይ በጉልህ ያስፍሩ። ይህች አንድ መስመር ካልተጻፈች ሙሉ ሥራ ሊገለበጥ ይችላል። መጀመሪያ የአንድ መስኮት ብቻ አሠርተው ሰቅለው ይሞክሩ፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይታዘዝ።

8. መረከብ፣ መቀባትና መስቀል

ሲረከቡ ተካፋቹን ጠፍጣፋ ወለል ላይ ያጋድሙ፤ አራቱም ጥግ ካልነካ ተጠማዟል፣ ይመለስ። ጥጎቹን በስኳድራ ይፈትሹ። ገበታውን በእጅ ሲገፉት በጥቂቱ መንቀሳቀስ አለበት።

ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም) ስድስቱንም ፊት መንካት አለበት፤ የማይታየውን ጀርባ፣ የላዩንና የታቹን ጠርዝም። በተለይ የቋሚዎቹ ጫፍ፣ ጭረቱ የተቆረጠበት ቦታ፣ ውኃን ከጎኑ በብዙ እጥፍ ይጠጣል፤ እስኪጠግብ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባ። ታኒን ላለው እንጨት በዘይት የሚሟሟ ፕራይመር ይሻላል፤ ያለዚያ ነጭ ቀለም ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ ይላል። ከዚያ ሁለት ዙር የውጭ ቀለም። የላይኛው ጠርዝ ላይ በስሱ የታጠፈ መዳብ ወይም አልሙኒየም ቆብ ቢገባለት ዕድሜው ይረዝማል።

ቀለሙን ከግድግዳው ጠቆር አድርገው ከቤቱ በር ጋር ያዛምዱት። በጣም ጥቁር ቀለም ሙሉ ቀን ፀሐይ በሚመታው ጎን እንጨቱን ያግለዋል፤ መጋጠሚያዎቹ ቀድመው የሚከፈቱትም በዚያ ጎን ነው።

ሲሰቅሉ ተካፋቹን በክፍተቱ ውስጥ አቁመው ከታች 6 ሚሊሜትር፣ ከጎን 3 ሚሊሜትር ሽብልቅ ያስገቡ፣ በውኃ ልክ ያስተካክሉ፣ የማጠፊያውን ቀዳዳዎች ምልክት ያድርጉ። ግድግዳው ድንጋይ ወይም ብሎኬት ከሆነ ቀዳዳው በሞርታሩ መስመር ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ፤ ፊሸሩ አይይዝም። መጀመሪያ የላይኛውን ማጠፊያ፣ ከዚያ የታችኛውን ይሰሩ፤ የመሐለኛው የሚታሰረው ሸተሩ በነጻ ሲዞር ከታየ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ሦስቱ ፒኖች በአንድ መስመር አይውሉምና ሸተሩ በጭንቅ ይዞራል። መያዣው መጨረሻ ላይ፣ ሸተሩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ባለበት ይተከላል። የተሰረሰረው ጉድጓድ ሁሉ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት ፕራይመር ይጠጣ።

በዓመት አንዴ በሳሙና ውኃ ይታጠብ፤ በዚያው አጋጣሚ የታችኛው አግዳሚ ከቋሚው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በወስፌ ጫፍ ይወጋ። ወስፌው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ በጊዜው ከተገኘ አግዳሚው ብቻ ይለወጣል።